አልጀብራዊ የቁጥር ንድፈ ሐሳብን ያለ አስተማሪ ለመማር፦ ከሐዋሳ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። የማስተርስ ኮርሶቼን ጨርሼ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ በመምረጥ ላይ ነኝ። ልቤ ያለው አልጀብራዊ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ላይ ቢሆንም በቅርቤ በዚህ የሠራ ሰው አላገኘሁም። ግሩፕ፣ ሪንግና ፊልድ፣ ትንሽም ጋሏ ቲዎሪ ተምሬአለሁ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጀምሬ የዴዴኪንድ ዶሜይን ምዕራፍ ላይ እየደረስኩ እቆማለሁ። ምን ይጎድለኛል? ከየት ልጀምር? በምን ያህል ጊዜስ ይደረስበታል?

ምላሽ፦ የሚጎድልዎ ተጨማሪ ቲዎሪ አይመስለኝም። የዴዴኪንድ ዶሜይን፣ ማለትም ዜሮ ያልሆነ አይዲያል ሁሉ በአንድ መንገድ ብቻ ወደ ፕራይም አይዲያሎች የሚተነተንበት ሪንግ፣ ምዕራፍ ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው። ምዕራፉ መልስ ነው፤ ጥያቄው ያለው ግን መጽሐፉ በዘለላቸው ስሌቶች ውስጥ ነው። ኩመር እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ «ሐሳባዊ ቁጥሮች» ወደሚለው የደረሰው እጅግ ብዙ ካሰላ በኋላ ነው። ዴዴኪንድ ያንኑ በ1871 አይዲያል ብሎ አስተካከለው። የዛሬ መጽሐፍ በአብዛኛው ከዴዴኪንድ ይነሣል። ስለዚህ መጽሐፉን ለጊዜው ይዝጉት፤ ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ወር ተኩል ኳድራቲክ ፊልዶችን በእጅዎ ያስሉ፤ ከዚያ ወደ ምዕራፉ ይመለሱ።

በቅድሚያ መሠረትዎን በሦስት ጥያቄዎች ይፈትሹ። የመጀመሪያው፦ የድፍን ቁጥር ጥንዶችን በሙሉ ይውሰዱ፤ በውስጣቸው (2, 0) እና (1, 3) የሚያመነጩት ንዑስ ግሩፕ ኢንዴክሱ ስንት ነው? 6 ነው፤ የማትሪክሱ ዲተርሚናንት። ለምን ዲተርሚናንቱ እንደሆነ ማስረዳት ካቃተዎት ሌላውን ሁሉ ትተው የድፍን ቁጥር ማትሪክስን በረድፍና በዓምድ እየቀነሱ ወደ ዲያጎናል ማምጣትን፣ ማለትም ስሚዝ ኖርማል ፎርምን፣ ይማሩ። ጥቂት ማታ ይበቃዋል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ዲስክሪሚናንት፣ ኢንዴክስና የአይዲያል ኖርም የሚባሉት ሁሉ ሲገለጡ ይኸው ዲተርሚናንት ሆነው ይገኛሉ፤ በሊኒየር አልጀብራ ኮርስ ግን ቁጥሮቹ ሁሌም ሪል ስለሚሆኑ ይህ ክፍል ሳይነካ ያልፋል። ሁለተኛው፦ ሸ³ − 2 ሥሮቹን ሁሉ የሚያገኝበት ፊልድ ዲግሪው 6 ነው፤ በውስጡ ያሉትን ንዑስ ፊልዶች በሙሉ መዘርዘር ይችላሉ? ሦስት ባለ ዲግሪ 3 አሉ፤ ባለ ዲግሪ 2 ያለው አንድ ብቻ ሲሆን እሱም √−3 የሚያመነጨው ነው። ሦስተኛው፦ 8 አባል ባለው ፊልድ ውስጥ እያንዳንዱን አባል ወደ ራሱ ስኩዌር የሚወስደው ካርታ ለምን አውቶሞርፊዝም ሆነ? ሦስት ጊዜ ሲደገምስ ለምን ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳል? ይህ የፍሮቤኒየስ ካርታ ነው፤ በኋላ ላይ የሁሉም ነገር መዘውር ይሆናል።

ካቴጎሪ፣ ሆሞሎጂና አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልጉም። የኮምፕሌክስ አናሊሲስም የዴዴኪንድ ዜታ ፈንክሽን እስኪመጣ ድረስ ይቆይ። ኮሚዩቴቲቭ አልጀብራን በሙሉ ጨርሼ ነው የምጀምረው የሚለውን ሐሳብ ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ እንዲህ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይጀምር ይቀራል። ኖዬተሪያን ሪንግ፣ ሎካላይዜሽንና ኢንቴግራል ክሎዠር የሚፈለጉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በየተራ ይማሯቸው።

አሁን ወደ ስሌቱ። የ√−5 ምሳሌ የትም አለ፦ 6 = 2 × 3 = (1 + √−5) × (1 − √−5)። ኖርማቸው (ቁጥሩ በኮንጁጌቱ ሲባዛ) 4፣ 9፣ 6 እና 6 ነው፤ ኖርሙ 2 ወይም 3 የሆነ ቁጥር ስለሌለ አራቱም ከዚያ ወዲያ አይተነተኑም። በአንድ ማታ ጨርሰው ወደ √−23 ይለፉ፤ እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ። ክላስ ግሩፕ አይዲያሎች ፕሪንሲፓል፣ ማለትም በአንድ ቁጥር ብቻ የሚመነጩ፣ ከመሆን ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ ግሩፕ ነው፤ እዚህ ባለ 3 አባል ስለሆነ ከ√−5 ይልቅ ብዙ ያሳያል።

−23 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። በዚህ ምክንያት የፊልዱ ድፍን ቁጥሮች (መሪ ኮኤፊሸንቱ 1፣ ሌሎቹም ድፍን ቁጥር የሆኑ ፖሊኖሚያል ሥር የሚሆኑት አባላት) በ1 እና በ√−23 ብቻ አይመነጩም፤ ወ = (1 + √−23)/2 ያስፈልጋል። ወ የ ሸ² − ሸ + 6 = 0 ሥር ነው፤ ዲስክሪሚናንቱም −23። መ እና ነ ድፍን ቁጥሮች ሲሆኑ የ መ + ነ×ወ ኖርም መ² + መ×ነ + 6×ነ² ይሆናል። ለስሌት የሚመቸው በ4 ተባዝቶ ሲጻፍ ነው፦ 4 × ኖርም = (2×መ + ነ)² + 23×ነ²። ይህን ወረቀቱ አናት ላይ ይጻፉት።

የሚንኮቭስኪ ወሰን ለምናባዊ ኳድራቲክ ፊልድ (2/ፓይ) ሲባዛ የዲስክሪሚናንቱ ፍጹም ዋጋ ስኩዌር ሩት ነው፤ እዚህ 3.05 ያህል ይወጣል። ይህም እያንዳንዱ ክላስ ውስጥ ኖርሙ ከ3 የማይበልጥ አይዲያል አለ ማለት ነው። ስለዚህ 2 እና 3 ምን እንደሚሆኑ ካወቁ ሥራው አለቀ። ሸ² − ሸ + 6 ሞጁሎ 2 ሸ × (ሸ − 1) ይሆናል፤ ሞጁሎ 3ም እንዲሁ። ስለዚህ 2 ወደ ሀ = (2, ወ) እና ሀ′ = (2, ወ − 1) ይሰነጠቃል፤ 3 ደግሞ ወደ ለ = (3, ወ) እና ለ′ = (3, ወ − 1)።

ሀ ፕሪንሲፓል ቢሆን ኖርሙ 2 የሆነ ቁጥር በተገኘ ነበር። (2×መ + ነ)² + 23×ነ² = 8 እንዲሆን ነ ዜሮ መሆን አለበት፤ ያኔ መ² = 2 ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ድፍን ቁጥር የለም። ሀ²ስ? ኖርማቸው 4 የሆኑት 2 እና −2 ብቻ ናቸው፤ (2) ደግሞ ሀ×ሀ′ እንጂ ሀ² አይደለም፤ ሀ እና ሀ′ የተለያዩ ናቸውና። ሀ³ ላይ ሲደርሱ ወ − 2 ኖርሙ 4 − 2 + 6 = 8 ነው፤ በሀ ውስጥም አለ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ «8 ተገኘ፤ ሀ³ ፕሪንሲፓል ነው» ብሎ ያልፋል። አይበቃም። 8 ኖርም ያለው አይዲያል ሀ²×ሀ′ም ሊሆን ይችላል፤ እሱ 2 ሲባዛ ሀ ነው፤ ፕሪንሲፓልም አይደለም። ወ − 2 ለ2 እንደማይካፈል ማሳየት አለብዎት፤ የወ ኮኤፊሸንት 1 ስለሆነ አይካፈልም። አሁን (ወ − 2) = ሀ³ ማለት ይቻላል። በመጨረሻም ወ ራሱ ኖርሙ 6 ነው፤ በሀም በለም ውስጥ ስለሚገኝ (ወ) = ሀ×ለ። ስለዚህ የለ ክላስ የሀ ተገላቢጦሽ ነው፤ አዲስ ክላስ አልመጣም። ክላስ ግሩፑ በትክክል 3 አባል አለው።

ይህን ያለ መጽሐፍ፣ በአንድ ገጽ፣ ከባዶ ጽፈው ካወጡት የዴዴኪንድ ዶሜይን ምዕራፍ የሚናገረው ስለምን እንደሆነ ይታይዎታል። √−23 እንዲሁ የተመረጠ ቁጥርም አይደለም። ላሜ በ1847 በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ፊት የፌርማን የመጨረሻ ቲዎረም አረጋግጫለሁ ሲል የያዘው ሐሳብ ከ1 ሥሮች በተገነቡ ቁጥሮች ውስጥ በአንድ መንገድ ብቻ መተንተን ይሠራል የሚል ነበር። ከብቸኛ ቁጥሮች ሐሳቡ መጀመሪያ የሚፈርሰው በ23 ላይ ነው፤ ያ ፊልድ ደግሞ √−23ን በውስጡ ይዟል።

ለመለማመጃ ከዚህ ቀጥሎ −14ን ይሥሩ፤ ክላስ ግሩፑ ባለ 4 አባልና ሳይክሊክ ነው። ከዚያ −21ን፤ ይህም ባለ 4 ነው፤ ግን ሳይክሊክ አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይጻፉ። −47 ደግሞ 5 ይሰጣል። −163 ላይ 2፣ 3፣ 5 እና 7 አንዳቸውም አይሰነጠቁም፤ ክላስ ግሩፑም ባለ አንድ አባል ብቻ ይሆናል። እንዲህ ባለ አንድ አባል የሆኑት ምናባዊ ኳድራቲክ ፊልዶች ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ሪል ኳድራቲክ ላይ ሲደርሱ የለመዱት ዘዴ ይከዳዎታል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። √10ን ይውሰዱ። ዲስክሪሚናንቱ 40 ነው፤ ወሰኑ የ√40 ግማሽ፣ 3.16 ያህል። ኖርሙ መ² − 10×ነ² ስለሆነ መቀነሱ መ እና ነን ከመተለቅ አያግዳቸውም፤ እንደ ቅድሙ ጥቂት ቁጥሮች ፈትሾ «የለም» ማለት አይቻልም። መውጫው ሞጁሎ ነው፦ መ² − 10×ነ² ሞጁሎ 5 መ² ብቻ ይቀራል፤ የስኩዌር ቀሪዎች ደግሞ 0፣ 1 እና 4 ናቸው። 2ም −2ም፣ 3ም −3ም አይገኙም። ስለዚህ በ2 ላይ ያለው አይዲያል ፕሪንሲፓል አይደለም፤ ስኩዌሩ ግን (2) ነው። 4 + √10 ኖርሙ 6 ስለሆነ በ3 ላይ ያሉትም ወደዚያው ክላስ ይገባሉ። መልሱ 2 ነው። በነገራችን ላይ 3 + √10 ኖርሙ −1 የሆነ ዩኒት (ተገላቢጦሹም የፊልዱ ድፍን ቁጥር የሆነ) ነው፤ ዩኒቶች መጨረሻ የሌላቸው መሆኑን በዓይንዎ የሚያዩት እዚህ ነው። የዲሪክሌን የዩኒት ቲዎረም ከዚህ በፊት ማንበብ ብዙም አይጠቅምም።

ወደ ዲግሪ 3 ሲሸጋገሩ ዋናው ወጥመድ አንድ ነው፦ የፊልዱ ድፍን ቁጥሮች ከአንድ አባል ኃይሎች ይመነጫሉ ብሎ ማሰብ። ∛2 ላይ እውነት ነው። ዲስክሪሚናንቱ −108፣ ወሰኑ 2.94 ያህል፣ 2 ደግሞ የ∛2 ኪዩብ ስለሆነ ክላስ ግሩፑ ወዲያው ባለ አንድ አባል ይሆናል። ∛10 ላይ ግን ሐሰት ነው። (1 + ∛10 + ∛100)/3 በ3 የተካፈለ ቢመስልም የ ሸ³ − ሸ² − 3×ሸ − 3 = 0 ሥር ነው፤ ስለዚህ ድፍን ቁጥር ነው። ይህን ሳያውቁ ሸ³ − 10ን ሞጁሎ 3 ተንትነው 3 እንዴት እንደሚሰነጠቅ ቢናገሩ መልስዎ ስሕተት ይሆናል። ፖሊኖሚያልን ሞጁሎ አንድ ብቸኛ ቁጥር መተንተን የሚሠራው ያ ቁጥር ኢንዴክሱን (የአመንጪው ኃይሎች የሚሰጡት ሪንግ በፊልዱ ድፍን ቁጥሮች ውስጥ ያለውን) ሳያካፍል ሲቀር ብቻ ነው። ቅድመ ሁኔታው ቲዎረሙ ውስጥ በግማሽ መስመር ተጽፏል፤ ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

የባሰም አለ። ዴዴኪንድ ራሱ በ1878 ያቀረበው ሸ³ − ሸ² − 2×ሸ − 8 የፖሊኖሚያሉ ዲስክሪሚናንት −2012 ነው፤ የፊልዱ ግን −503። 2012 = 4 × 503 ስለሆነ ኢንዴክሱ 2 ነው ማለት ነው። ሌላ አመንጪ ልምረጥ ቢሉም አያመልጡም። በዚህ ፊልድ 2 ወደ ሦስት የተለያዩ አይዲያሎች ሙሉ በሙሉ ይሰነጠቃል፤ ከአንድ አባል ኃይሎች ቢመነጭ ኖሮ ሞጁሎ 2 ሦስት የተለያዩ ሥሮች ያለው ፖሊኖሚያል ባስፈለገ ነበር፤ ሞጁሎ 2 ያሉት ቁጥሮች ግን 0 እና 1 ብቻ ናቸው። ይህን ምሳሌ የተረዳ ሰው ሎካላይዜሽን ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ወደ ተዉት ምዕራፍ ይመለሱ። ማረጋገጫዎቹን ሲያነቡ በእያንዳንዱ እርምጃ √−23ን ወይም ∛10ን ያስገቡ። የአይዲያል ትንተና፣ የክላስ ግሩፕ ውስንነትና የዩኒት ቲዎረም በዚህ መልኩ ይሄዳሉ። የክላስ ግሩፕ ውስንነትን ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ ደካማ ወሰን በሚሰጠው ቀላል መንገድ፣ ከዚያ በሚንኮቭስኪ።

ቀጥሎ የጋሏ ክፍል ይመጣል፦ ዲኮምፖዚሽን ግሩፕ፣ ኢነርሺያ ግሩፕ፣ ፍሮቤኒየስ። እዚህ ሸ³ − 2ን አይልቀቁት። ሞጁሎ 5 አንድ ሥር አለው፤ 3³ = 27፣ ቀሪው 2። ሞጁሎ 7 ኪዩቦች 0፣ 1 እና −1 ብቻ ስለሆኑ ሥር የለውም። ሞጁሎ 31 4³ = 64 ስለሆነ ሥር አለ፤ 31 ለ3 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ሦስቱም ሥሮች አሉ። በጋሏ ግሩፑ ውስጥ እነዚህ እንደ ቅደም ተከተላቸው የሁለት ሥሮች መቀያየር፣ የሦስቱ መዞርና ሁሉም ባሉበት መቅረት ናቸው። የቼቦታሬቭ ቲዎረም እንደሚለው ድርሻቸው 1/2፣ 1/3 እና 1/6 ነው። እስከ 1000 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በኮምፒውተር ቆጥረው ያስተያዩ።

ስለ ጊዜ፦ ማስተማር ሥራዎ ስለሆነ በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ያገኛሉ ብዬ አልገምትም። በዚህ መጠን ኳድራቲኩ 6 ሳምንት፣ የዲግሪ 3 ስሌቶች 3 ሳምንት፣ አጠቃላይ ቲዎሪው ከ10 እስከ 12 ሳምንት፣ የጋሏ ክፍል 5 ሳምንት ይወስዳል። መስከረም ላይ ቢጀምሩ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተናና እርማት የሚበላውን ጨምሮ ግንቦት ግድም ይደርሳሉ። ክረምቱን ለፒ-አዲክ ቁጥሮች ይተዉት። ክላስ ፊልድ ቲዎሪ በዚህ ዓመት አይሞከርም፤ ለማስተርስ ጽሑፍም ግዴታ አይደለም። ከ8 ሰዓቱ ቢያንስ 5ቱ በእጅ የሚሠራ ስሌትና መልመጃ ይሁን።

ለመጽሐፍ አንድ ብቻ ይምረጡ። ማርከስ ስለ ነምበር ፊልዶች የጻፈው ለእርስዎ ሁኔታ የሚመች ይመስለኛል፤ መልመጃው ብዙ ነው፤ የሪንግ፣ የጋሏና የውስን ፊልድ ክለሳም በአባሪዎቹ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ አዲስ የተተየበውን እትም ይፈልጉ፤ የድሮው የታይፕራይተር ጽሕፈት ዓይን ያደክማል። ጄምስ ሚልን የተባለው የሒሳብ ሊቅ የጻፈው የኮርስ ማስታወሻ ደግሞ ከደራሲው ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል፤ ለግል ጥናት አንድ ቅጂ ማተምንም ፈቅዷል። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አሳትመው በስፓይራል ያስጠርዙት፤ መብራት ሲጠፋ ከስልክ ወረቀት ይሻላል። የኖይኪርሽን መጽሐፍ ለሁለተኛ ንባብ ያቆዩት፤ የጀመሩት «ትልቅ መጽሐፍ» እሱ ከሆነ መቆምዎ አይገርምም።

ብቻዎን ከመሆን የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ስሕተትዎን የሚያይ ሰው ማጣት ነው። በርዕሱ የተመረቀ ሰው ግድ አይደለም። ጋሏ ቲዎሪ የተማረ አንድ ጓደኛ፣ አዳማ ወይም ጅማ ቢሆንም፣ በሳምንት አንድ የተሠራ ገጽ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም የሚለዋወጡት ካገኙ ይበቃል። ደንቡ አንድ ይሁን፦ አንባቢው ያልገባውን መስመር ያሰምርበታል፤ ጸሐፊው ያንን መስመር እንደገና ይጽፋል። ስሌት ለማጣራት ደግሞ ፓሪ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ቀላል ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የአንድሮይድ ስልክ ቅጂም አለው። በእጅ ከሠሩ በኋላ ብቻ ይክፈቱት፤ መልሱን አስቀድሞ ያየ ሰው ሀ² ለምን ፕሪንሲፓል እንዳልሆነ መጠየቅ ይተዋል።

የጽሑፉን ርዕስ በተመለከተ፦ አማካሪዎ በኒውሜሪካል አናሊሲስ ወይም በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። «አልጀብራዊ የቁጥር ንድፈ ሐሳብን ማጥናት እፈልጋለሁ» ብለው ከመሄድ ይልቅ ስሌት ያለበትና ወሰኑ የታወቀ ሐሳብ ይዘው ይሂዱ። ለምሳሌ ∛መ በሚያመነጫቸው ፊልዶች ውስጥ መ እስከ 50 ሲሄድ ድፍን ቁጥሮቹን፣ ዩኒቶቹንና ክላስ ግሩፖቹን ማስላትና ማረጋገጥ፤ ወይም የምናባዊ ኳድራቲክ ክላስ ግሩፖችን በጋውስ ባለ ሁለት ተለዋዋጭ ፎርሞችና በአይዲያል አስልቶ ሁለቱ መንገዶች ለምን እንደሚገናኙ ማሳየት። ሁለቱም አዲስ ግኝት አይደሉም፤ ለማስተርስ ግን በቂ ሥጋ አላቸው፤ አማካሪውም ስሌቱን መከታተል ይችላሉ። ሁለት ገጽ ሐሳብና የ√−23ን ስሌት አብረው ያስገቡ። ፓሪን ለጽሑፉ ከተጠቀሙ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ፦ ክላስ ግሩፕ የሚያሰላው ዋና ትእዛዝ መልሱን የሚሰጠው አጠቃላዩን የሪማን መላምት እውነት ነው ብሎ በመያዝ ነው። ያለ መላምት የሚያረጋግጥ ሌላ ትእዛዝ አለው፤ ለትናንሽ ፊልዶች ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሠንጠረዥዎ ውስጥ የትኛው መልስ በየትኛው መንገድ እንደተገኘ በአንድ ዓምድ ያመልክቱ፤ ጽሑፍዎን በሚከላከሉበት ዕለት ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ሊሆን ይችላል።